የተንቀራፈፈ ዴስክቶፕን በኤስኤስዲ ማደስ፦ ከመፍታት በፊት ያለው ሥራ ይበልጣል

የቆየ ዴስክቶፕ ሲንቀራፈፍ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቫይረስን ነው፤ ቀጥሎ ራምን፣ ማለትም ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታውን። እኔ ዲስኩን አያለሁ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ። ምንም ሳይሠሩ ዲስኩ ለረጅም ጊዜ 100 ፐርሰንት ላይ ተጣብቆ ከቆየ ጥፋተኛውን አገኙት ማለት ይቻላል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ እያንዳንዷን ፋይል ለማንበብ ክንዱን ከቦታ ቦታ ማንቀሳቀስ አለበት፤ መረጃን በቺፕ ላይ የሚያስቀምጠው ኤስኤስዲ ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ልዩነቱ የሚሰማው ገና ሲያበሩት ነው።

ለእንዲህ ያለው ማሽን 2.5 ኢንች የሆነ፣ 240 ወይም 256 ጊጋባይት የሚይዝ የሳታ (ዲስክን ከኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ ጋር የሚያገናኘው የተለመደ መስመር) ኤስኤስዲ ይበቃል። ሻጩ ፈጣን ነው ብሎ ውድ የሳታ ዲስክ ቢያሳይዎት አይታለሉ፤ የሳታ መስመር ራሱ በሰከንድ ከ600 ሜጋባይት በላይ አያሳልፍም። ራሙ 4 ጊጋባይት ብቻ ከሆነ ወደ 8 ማሳደግ ተገቢ ነው። አሮጌውን ራም ነቅለው ይዘው ይሂዱ፤ ዲዲአር 3 የተባለው የራም ዓይነት በዲዲአር 4 ማስገቢያ ውስጥ አይገባም፣ ቁርጡ ቦታው የተለያየ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። አሮጌውን ዲስክ እንዳለ ገልብጦ ወደ አዲሱ ማዛወር ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክረውም። ክሎንዚላን የመሰለው ነጻ ፕሮግራም እንኳ በተለመደው አሠራሩ መድረሻው ዲስክ ከመነሻው እንዳያንስ ይፈልጋል፤ ለምሳሌ የ500 ጊጋባይቱን አሮጌ ዲስክ ወደ 240ው ለማስገባት ክፍልፋዮችን ማሳነስ ይመጣል። ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ ለዓመታት የተከማቸው ዝባዝንኬም አብሮ ይሻገራል። ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ይሻላል። ፈቃዱ ያሳስብዎት ይሆናል፤ ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ዲጂታል ፈቃዱ በዋናነት ከማዘርቦርዱ (ከዋናው ሰሌዳ) ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ቀድሞ በዚህ መንገድ ፈቃድ ያገኘ ማሽን ዲስክ ስለተቀየረ ብቻ ፈቃዱን አያጣም።

እንደ አዲስ መጫን ማለት ግን ያልያዙት ነገር ሁሉ ይቀራል ማለት ነው። ፎቶና ሰነድ መገልበጥ ማንም አይረሳም፤ የሚረሱት ሌሎች ናቸው። ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው መረጃው ከሰነዶች አቃፊ ውስጥ ላይሆን ስለሚችል፣ ባክአፑን ከፕሮግራሙ ከራሱ ምናሌ ማውጣት አለበት። ቪዥዋል ግዕዝ በተባለው የቆየ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የተጻፉ ሰነዶች ካሉዎት ደግሞ ፊደሎቹን፣ ማለትም በዊንዶውስ አቃፊ ውስጥ ያለውን "ፎንትስ" የሚባለውን፣ አብረው ይገልብጡ። እነዚያ ሰነዶች ዛሬ ሁሉም ማሽን በሚያውቀው የፊደል ኮድ፣ በዩኒኮድ፣ አልተጻፉም፤ ፊደሉ በሌለበት ማሽን ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ብቻ ይታያል። አንዲት ጎረቤቴ የመመረቂያ ጽሑፏ የተበላሸ መስሏት ስታለቅስ አግኝቻታለሁ፤ የጎደለው ፊደሉ ብቻ ነበር። የአሳሽዎን የይለፍ ቃሎችም አይርሱ። ዲስኩ እንግዳ ድምፅ ማሰማት ከጀመረ ግን ሌላውን ሁሉ ትተው አስፈላጊውን ፋይል መጀመሪያ ያውጡ።

ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሆነ ፍላሽ ላይ መጫኛውን ያዘጋጁ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2025 (በፈረንጆች) አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች ያሉትን ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም። ማሽኑ ከዚያ የሚያንስ ከሆነና ሥራዎ ኢንተርኔትና ጽሑፍ ብቻ ከሆነ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ነጻ ሥርዓት፣ ሊኑክስ ሚንትን፣ ይሞክሩ፤ በእኔ እምነት የማሽን መስፈርቱን በማለፍ በጓሮ በር ከገባ ዊንዶውስ 11 ይሻላል።

ኮምፒውተሩን ያጥፉ፣ ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ፣ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው የቀረውን ኤሌክትሪክ ያውጡ፣ ሽፋኑን ይክፈቱ። የገመዶቹን አቀማመጥ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ።

ከተከፈተ አይቀር አቧራውም ይጠረግ። ጎሚስታ ዘንድ ወስዶ በጎማ መንፊያ ማስነፋት የተለመደ ነው፤ እኔ አልወደውም። ግፊቱ ከመጠን በላይ ነው፣ አየሩም ውስጥ እርጥበት አለ። ለስላሳ ብሩሽና አነስተኛ የኤሌክትሪክ መንፊያ ይበቃሉ። ሲነፉ የማራገቢያውን ክንፍ በጣት ይያዙት፣ በኃይል እንዳይሽከረከር። በፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ቴርማል ፔስት) ደርቆ ማሽኑ የሚግል ከሆነ አሮጌውን በአልኮል ጠርገው የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ጠብታ ያኑሩ፤ ካልጋለ አይንኩት።

ቀጥሎ ያለችውን ነጥብ ብዙዎች ይዘሏታል። አሮጌውን ዲስክ ሙሉ በሙሉ ነቅለው፣ ኤስኤስዲውን ብቻ ሰክተው ዊንዶውስን ይጫኑ። ሁለቱም ተሰክተው ከተጫነ ሁለት አደጋ አለ። አንደኛው፣ ዲስኮቹ በመጫኛው ላይ በቁጥር ብቻ ስለሚለዩ የተሳሳተውን ማጥፋት ቀላል ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ስውር ነው፦ ዊንዶውስ አዲሱ ላይ ተጭኖ ማስነሻው ግን አሮጌው ዲስክ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ሁሉም ነገር በሰላም ይሠራል፤ ከወራት በኋላ አሮጌው ዲስክ ሲነቀል ወይም ሲሞት ግን ኮምፒውተሩ አይነሳም፣ ባለቤቱም ኤስኤስዲው ተበላሸ ብሎ ወደ ሻጩ ይሮጣል።

ገጥመው ሲያበሩ ማራገቢያው ዞሮ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ አይደንግጡ። አጥፍተውና ከሶኬት ነቅለው ራሙን ያውጡ፣ ወርቃማ ጥርሶቹን በነጭ ላጲስ ቀስ ብለው ይሹ፣ ፍርፋሪውን ይጥረጉ፣ ግራና ቀኙ ቀጭ እስኪል ድረስ ይመልሱት። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ይኸው ነው።

ሰዓቱና ቀኑ በየጊዜው ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የምትባል የ3 ቮልት ባትሪ አልቃለች። ቀኑ ሲሳሳት አሳሹ ድረ ገጾችን አልከፍትም ስለሚል ብዙ ሰው ኔትወርኩን ያማርራል። ባትሪዋን ከማውጣትዎ በፊት ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ቅንብር) ውስጥ የሳታው አሠራር ኤኤችሲአይ የሚባለው መሆን አለመሆኑን ይመዝግቡ። ባትሪዋ ስትወጣ ቅንብሩ ወደ ፋብሪካው ሊመለስና ዊንዶውስ ላይነሳ ይችላል።

መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ከማከፋፈያው ላይ የማጥፋት ልማድ ይኑርዎት፤ ፓወር ሰፕላይን የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ መብራቱ ሲመለስ ያለው መዋዠቅ ነው። ስታቢላይዘር መዋዠቁን ያስተካክላል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ሥራዎን ለማስቀመጥ ጊዜ የሚሰጥዎት ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ብቻ ነው። ፕሪንተርን ከዩፒኤሱ ጋር አይሰኩ፣ በተለይ ሌዘሩን።

አሮጌውን ዲስክ ወዲያው ፎርማት አያድርጉት። በዩኤስቢ ማቀፊያ ውስጥ ከተው ለተወሰኑ ወራት ያቆዩት፤ የረሱት ፋይል የሚታወሰው በሚፈለግበት ቀን ነው።