የወታደር የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ ተራራውም ይግባ

ቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ተወለደ፣ ተማረ፣ ተቀጠረ፣ አገባ፣ ወለደ፣ አረፈ። የወታደር ሲሆን ማዕረግና ግንባር ይጨመርበታል። አባቴ ሲያርፍ መጻፉ ለእኔ ደረሰኝ። አባባ በ1969 ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ የሶማሊያን ወረራ ለመመከት ወደ ምሥራቅ የዘመተ ሚሊሺያ ነው። ሰፈሩ የሚያውቀው ግን እሁድ እሁድ ከዘራውን ይዞ ወጨጫ ተራራን ሲወጣ ነው። ወታደሩም ተራራ ወጪውም እንዲገቡበት እንዴት እንደሚጻፍ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ወረቀቱን ፈልጉ። መታወቂያ፣ የምስክር ወረቀት፣ ሜዳሊያ፣ ጀርባው ላይ የተጻፈበት ፎቶ። ቤተሰብ ሲያወራ ዓመተ ምሕረት ይደባለቃል። ደግሞ ምሥራቅ የዘመተውን ሁሉ ካራማራ ላይ አታውጡት። የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ላይ ድል ሲደረግ ሌላ ቦታ የነበረም ብዙ ነው። ድሬዳዋንና ሐረርን ይዞ የቆየውስ? ያ ትንሽ ነገር ነው እንዴ? ወረቀቱ ወይም አብሮት የነበረ ጓድ ያላረጋገጠውን አትጻፉ።

ጓዶቹን ለማግኘት ሩቅ አትሄዱም። ለቅሶ ላይ ድንኳኑ ጥግ አብረው የሚቀመጡት ሽማግሌዎች እነሱ ናቸው። "እንዴት ያለ ሰው ነበር?" ብላችሁ እንዳትጠይቁ። "ጀግና ነበር፣ ነፍሱን ይማር" ይሏችኋል፣ አለቀ። ስለ ኮቾሮው፣ ስለዚያ የወታደር ደረቅ ስንቅ፣ ጠይቁ። ጥበቃ ላይ ምን ያወራ ነበር? እረፍት ሲሰጣቸው ምን ይሠራ ነበር? እኔ ይህችን የመጨረሻዋን ስጠይቅ አንዱ ጋሼ ሳቁ። ሌላው ሲተኛ አባባ ዛፍ እያየ "ይሄ ምን ይባላል?" እያለ የአገሩን ሰው ያደክም ነበር አሉ። ይህን እማዬ እንኳ አታውቅም። አስፈቅዳችሁ በስልክ ቅዷቸው። ስለ ውጊያው ማውራት ያልፈለገን ግን አትጎትጉቱ። ፎቶ በቴሌግራም የሚልክላችሁ ካለ "ፋይል አድርገህ ላክ" በሉት፤ አለበለዚያ ጥራቱ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ብዙ የሕይወት ታሪክ 1983 ላይ ሲደርስ ዘሎ ጡረታ ላይ ያርፋል። ሠራዊቱ ሲበተን ስንቱ ቤት ምን እንደሆነ ግን እናውቃለን። አትዝለሉት። አባባ ያኔ የሌሊት ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ቀኑ ባዶ ስለሆነበት በእግሩ መዞር ጀመረ፤ ተራራው የመጣው ከዚያ ነው። እማዬ "ዘበኛ ነበር ተብሎ ይነበባል እንዴ!" ብላ ተቆጣች። ተከራክረን ገባ። ቀብሩ ላይ ሰው ቀና ብሎ ያዳመጠው ይህንኑ ነው።

"ተፈጥሮ ወዳድ ነበር" የምትል ዓረፍተ ነገር ካለች ሰርዟት። የት ይሄድ ነበር? ከማን ጋር? ምን ይዞ? አባባ የጦር ሜዳ ኮዳው ውስጥ በሶ በጥብጦ ወደ መናገሻ ሱባ ደን ይሄዳል። ጽዱን፣ ዝግባውን፣ ኮሶውን እያሳየ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰዎች ዘሩን ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን እንዳመጡት ይተርክልናል። ጉሬዛ ካየ ደግሞ ዝም አሰኝቶ ያስቆመናል፣ እግራችን እስኪደነዝዝ። ይህን ጻፉት።

ርዝመቱ ከአንድ ገጽ ተኩል አይለፍ። ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ ነው የሚሰማው። አንባቢው ድምፁ የሚሰማና በየመስመሩ የማያለቅስ ይሁን። ልጅ ባያነበው እመርጣለሁ።

ለሙት ዓመቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሱ የሚሄድበትን መንገድ መሄድ ደስ ይላል። ጉልበት የሌላቸው ጓዶቹ ከታች ቡና እየጠጡ ይጠብቁ። ችግኝ እንትከል ካላችሁ ክረምት ይሁን፣ ሐምሌ ጥሩ ነው። ቦታውን ከሚያስተዳድረው አካል ፈቃድ ጠይቁ። ጽድ ወይም ወይራ ትከሉ፤ ባሕር ዛፍ እንኳን ይቅር። ፍየል እንዳይበላው እጠሩት፣ በጋውን ውኃ የሚያጠጣ ሰውም ከወዲሁ ይመደብ። የቤቱ ሰው ሁሉ "እኔ አለሁ" ካለ ማንም አያጠጣውም።

የሕይወት ታሪኩን አባዝታችሁ ለጓዶቹ አንድ አንድ ስጧቸው። ፊደሉን ተለቅ አድርጉት፣ መነጽር ረስቶ የሚመጣ አይጠፋም።