ፕሮባዮቲክ እየወሰደ የማያድግ ግልገል፦ ችግሩና መፍትሄው

ፕሮባዮቲክ (ለሆድ የሚጠቅሙ ሕያው ባክቴሪያዎች ወይም እርሾ ያለበት ዱቄት) የሚሰጡ ፍየል አርቢዎች ቅሬታ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ገንዘብ አወጣሁ፣ ለውጥ ግን የለም።» ዱቄቱን ከመውቀሳችሁ በፊት ግልገሉን መዝኑት። ዓይን ያታልላል። ሆዱ የተነፋ ግልገል የወፈረ ይመስላል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት ወተት ሳይጠጣ፣ በአንድ ሚዛን መዝኑና ጻፉት። የእንስሳ ሚዛን ከሌለ ታቅፋችሁት የሰው ሚዛን ላይ ውጡ፤ ከዚያ የራሳችሁን ክብደት ቀንሱ።

ይዘላል፣ ተቅማጥ የለውም፣ ክብደቱ ግን ቆሟል

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዱቄቱ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ሞተው ሊሆን ይችላል የሚለው ነው። ፕሮባዮቲክ የሚሠራው ሕያው ሆኖ አንጀት ሲደርስ ነው። ላክቶባሲለስ የሚባሉት ሙቀትና እርጥበት አይወዱም። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተከፍቶ የከረመ ዱቄት ከተራ ዱቄት ብዙም አይሻልም። ባሲለስ ግን ራሱን በጠንካራ ሽፋን ስለሚጠብቅ ሙቀትን ይችላል። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ የባክቴሪያው ስም፣ ብዛቱ (ሲኤፍዩ ይሉታል) እና የሚያበቃበት ቀን መኖሩን እዩ። ስሙን እንኳን የማይናገር ማሸጊያ ባትገዙ ይሻላል።

አሰጣጡም ያበላሸዋል። ወተቱ 39 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፤ ይህ የግልገሉ የራሱ የሰውነት ሙቀት ነው። ከሚፋጅ ወተት ጋር መበጥበጥ ባክቴሪያውን መቀቀል ነው። ክሎሪን የበዛበት ውሃም ይጎዳዋል። ወዲያው የሚጠጣውን ያህል ብቻ በጥብጡ፤ ለማታ ብሎ ማስቀመጥ የለም።

ዱቄቱ ደህና ከሆነ ምግቡን ተመልከቱ። ፕሮባዮቲክ ምግብ አይደለም። ግልገል ሲወለድ ትልቁ ጨጓራ ገና ሥራ አልጀመረም፤ የሚጠባው ወተት እሱን አልፎ በቀጥታ ወደ መጨረሻው የሆድ ክፍል ይሄዳል። ጨጓራውን የሚያሳድገው ደረቅ መኖ ነው። ስለዚህ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ጥቂት ለስላሳ ድርቆሽ፣ ትንሽ የግልገል መኖና ንጹህ ውሃ አቅርቡለት። መጀመሪያ ላይ ይጫወትበታል እንጂ አይበላውም፤ ግድ የለም። እርሾ ያለበት ፕሮባዮቲክ በዋናነት የሚያግዘው ትልቁን ጨጓራ ነው። ገና ወተት ብቻ ለሚጠጣ ግልገል እሱን መስጠት ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራ እንደመከልከል ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ በደንብ የሚጠባ፣ ንጹህ ቦታ የሚያድርና ጤነኛ የሆነ ግልገል ላይ ልዩነቱ ላይታይ ይችላል። የተሻለ የሚጠቅመው ጡት በሚጥልበት፣ ቦታ በሚቀይርበት ወይም ከሕመም በሚያገግምበት ጊዜ ነው።

ተቅማጥ ይዞታል

እዚህ ላይ ዕድሜውን ጠይቁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሆነ እንገር በቂ አላገኘም ማለት ሊሆን ይችላል። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የክብደቱን 10 በመቶ ያህል እንገር ማግኘት አለበት፤ ለ3 ኪሎ ግልገል 300 ሚሊ ሊትር ገደማ። የመጀመሪያውን ደግሞ ቶሎ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ። ያመለጠውን እንገር የሚተካ ፕሮባዮቲክ የለም።

ከሦስት ሳምንት በላይ ከሆነ፣ በተለይ ጡት በሚጥልበት ሰሞን፣ ኮክሲዲያ የሚባለውን በዓይን የማይታይ የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ ጠርጥሩ። በጠጡ እንክብል መሆኑ ቀርቶ ይላላል፣ ይሸታል፣ አንዳንዴ ደም ይቀላቀልበታል። ጭራው ሥር ያለው ጸጉር ይጨቀያል። ኮክሲዲያ ባክቴሪያ አይደለም፤ ፕሮባዮቲክ አይገድለውም። በጠጡ ይመርመር፤ መድኃኒቱን ሐኪም ይዘዝ። እናንተ ደግሞ በረቱን አድርቁ፣ መጨናነቁን ቀንሱ፣ የመኖ ገንዳውን እግር ከማይገባበት ከፍታ ላይ ስቀሉ። በሽታው የሚዛመተው በበጠጥ የተበከለ መኖና ውሃ ወደ አፍ ሲገባ ነው።

በየትኛውም ዕድሜ ቶሎ የሚገድለው ግን የፈሳሽ እጥረት ነው። የአንገቱን ቆዳ ቆንጥጣችሁ ልቀቁት። ቶሎ ካልተመለሰ ውሃ አንሶታል። የጨውና ስኳር ንጥረ ነገር ያለውን የተቅማጥ ዱቄት በውሃ በጥብጣችሁ፣ ከወተት ጋር ሳትደባልቁ፣ በወተት መሃል ባለው ሰዓት ትንሽ ትንሽ ስጡት። ጣታችሁን አፉ ውስጥ ስታስገቡ ከቀዘቀዘና መጥባት ካቃተው ምንም አታጠጡት፤ ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል። መጀመሪያ አሙቁት፣ ሐኪም ጥሩ።

አንቲባዮቲክ ከወሰደ በኋላ መኖ አልበላ አለ

መድኃኒቱ ጥሩውንም ባክቴሪያ ጠርጎታል። የባክቴሪያ ፕሮባዮቲክን ከመድኃኒቱ ጋር በአንድ ጊዜ አትስጡ፤ በመሃል ሰዓታት ይለፉ። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ለተወሰኑ ቀናት ቀጥሉ። እርሾ ግን በባክቴሪያ መድኃኒት አይሞትም። ፕሮባዮቲክ ዋጋውን የሚያወጣው እንዲህ ያለ ጊዜ ነው ባይ ነኝ።

ሆዱ ተነፍቷል

በአንድ ጊዜ የበዛ ወይም ሰዓቱን ያልጠበቀ ወተት ይሆናል። መጠኑን ከፋፍሉ፣ ጡጦውን በፈላ ውሃ አጽዱ። ግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ከተወጠረና መተንፈስ ካስቸገረው ዱቄት ለመበጥበጥ ጊዜ አታጥፉ፤ በፍጥነት ሐኪም ጋ።

የዐይኑ ሽፋን ውስጡ ነጥቷል

የታችኛውን ሽፋን ገለጥ አድርጉ። ቀይ ወይም ደማቅ ሮዝ መሆን የነበረበት ከነጣ፣ አገጩም ሥር እብጠት ካለ፣ ደም የሚመጥ የጨጓራ ትል ይዞት ሊሆን ይችላል። ይህ በግጦሽ የጀመሩትን ይመለከታል። ተቅማጥ ሳያሳይ ይገድላል። የትል መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ መጠኑ በሚዛን እንጂ በግምት አይሁን።

ከሁሉም የደለበው በድንገት ሞተ

ብዙ ወተት ወይም ብዙ እህል የሚያገኝ ግልገል ላይ ክሎስትሪዲየም የሚባል ባክቴሪያ በፍጥነት ተራብቶ መርዝ ይረጫል። ብዙ ጊዜ ለሕክምና ጊዜ አይሰጥም። መከላከያው ክትባት ነው፤ እናቲቱ ከመውለዷ ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ ግልገሎቹም በጊዜያቸው ይከተቡ። እህል ስትጨምሩም በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ይሁን።