ወልዳ መነሳት ያቃታት ላም፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ምልክት፦ በደህና ወልዳ በማግስቱ ወደቀች

ጥጃው ቆሟል፣ እናቱ ግን አትነሳም። አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋ ተኝታለች። ጆሮዋ ቀዝቅዟል፣ አፍንጫዋ ደርቋል፣ ማመስኳቷን ትታለች፣ እበትም አትጥልም። ሕመሙ የወተት ትኩሳት ይባላል፤ ይሁን እንጂ የሰውነቷ ሙቀት ብዙውን ጊዜ ይወርዳል። በዱላ ማስነሳት ጭካኔ ከመሆኑም በላይ ምንም አይፈይድም፤ ጡንቻዋ ትእዛዝ አልደረሰውም።

መንስኤ፦ ካልሲየሙ በእንገሩ ወጥቷል

የነርቭ መልእክት ጡንቻው ዘንድ ሲደርስ፣ ካልሲየም ወደ ነርቩ ጫፍ ገብቶ አሴቲልኮሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ያስለቅቃል። ይህ ጡንቻውን ሲቀሰቅሰው በውስጡ የተከማቸው ካልሲየም ይፈስሳል፤ ትሮፖኒን ከተባለው ፕሮቲን ጋር ሲያያዝ አክቲንና ማዮሲን የተባሉት የጡንቻው ክሮች ይሳሳባሉ፤ ጡንቻው ይኮማተራል። ካልሲየሙ ወደ ማከማቻው ሲመለስ ጡንቻው ይላላል።

በአንድ ላም የደም ፈሳሽ ውስጥ ያለው ካልሲየም በጠቅላላው 3 ግራም ገደማ ነው። አንድ ሊትር እንገር ደግሞ 2 ግራም ያህል ይይዛል። 10 ሊትር እንገር የሰጠች ላም ምን ያህል እንደወጣባት ያስሉት! የፓራታይሮይድ ሆርሞንና ቫይታሚን ዲ ከአጥንትና ከአንጀት ሊተኩላት ይሞክራሉ፤ ሥራቸው ግን ቀናት ይወስዳል፤ በዕድሜ የገፋች ላም ደግሞ የባሰ ትዘገያለች። ስለዚህ ሕመሙ ከሦስተኛ ወሊድ በኋላ ይበዛል፤ ብዙ ወተት በሚሰጡት የሆልስታይን ዲቃላዎች ላይም ከአገር ላሞች ይልቅ ይታያል።

ከመውደቋ በፊት ትንቀጠቀጥ፣ የኋላ እግሮቿንም ታፈራርቅ ይሆናል። ካልሲየም ሲያንስ ነርቮች መጀመሪያ በትንሽ ነገር ይቆጣሉ፤ ሲብስ መልእክቱ ጡንቻው ጋ መድረሱን ያቆማል። ያን መንቀጥቀጥ አይናቁት፤ ሐኪም የሚጠራው በዚያ ሰዓት ነው።

መፍትሄ

የእንስሳት ሐኪሙ ካልሲየም ቦሮግሉኮኔት በደም ሥር ይሰጣታል፤ 500 ሚሊ ሊትሩ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ፣ ልቧን እያዳመጠ። ልብም በካልሲየም የሚሠራ ጡንቻ ስለሆነ በፍጥነት ከገባ ምቱ ተዛብቶ ሊቆም ይችላል። ባለቤቱ ራሱ መርፌ ይዞ መሞከሩን አጥብቄ እቃወማለሁ።

ሐኪሙ እስኪደርስ ድረስ በደረቷ እንድትተኛ በገለባ ጆንያ ይደግፏት፣ ወፍራም ጉዝጓዝ ያንጥፉላት፣ በየጥቂት ሰዓቱም ጎኗን ይቀይሩላት። ለወደቀች ላም በአፏ ምንም ነገር አይጋቱ። የመዋጥ ጡንቻዋ ስለላላ ፈሳሹ ወደ ሳንባዋ ይገባል፤ ሊድን የሚችል እንስሳ በዚህ መንገድ ሲሞት ያሳዝናል።

መድኃኒቱ ሲሠራ ታገሳለች፣ እበት ትጥላለች፣ ብዙ ጊዜም በሁለት ሰዓት ውስጥ ትነሳለች። ያን ዕለት ግን ጡቷን አሟጠው አይለቡ፤ ካልተጠነቀቁ ሕመሙ ይመለስባታል።

ካልሲየም ወስዳም ካልተነሳች

ንቁ ሆና እየበላች የኋላ እግሮቿ ከተንሸራተቱ፣ በወሊድ ጊዜ ነርቭ ተጎድቶ ይሆናል። ረጅም ሰዓት ከተኛች ጡንቻዋ በራሷ ክብደት ተጨፍልቆ ሊሆን ይችላል። ሰውነቷ ከገተረና ካንፈራገጣት የማግኒዥየም እጥረት ይጠርጠር። ጡቷንም ይመልከቱ፤ ከባድ የጡት በሽታም ላም ይጥላል።

ለሚቀጥለው ወሊድ

ብዙ አርቢ «ካልሲየም ከጎደላት አስቀድሜ ልስጣት» ይላል። ነገር ግን ነጥፋ ሳለች ካልሲየም የበዛበት መኖ፣ ለምሳሌ አልፋልፋ፣ የበላች ላም ሆርሞኗ ሥራ ይፈታል፤ እንገሩ ሲወርድ ለመንቃት ይዘገያል። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ 3 ሳምንታት አልፋልፋውን ይቀንሱ። በፍግ የተንበሸበሸ ሣርም ፖታስየም ስለሚበዛበት ሆርሞኑን ያዳክማል። ከዚህ በፊት ወድቃ የምታውቅ ከሆነ ግን ሐኪሙ ወሊዱ ሳይደርስ ይወቅ፤ የሚዋጥ ካልሲየም እንደወለደች፣ ቆማ መዋጥ እየቻለች እንዲሰጣት።