ዝግ ሄድፎን በአዳማ ሙቀት፦ ምቾቱንና ድምፁን ቤት ውስጥ እንዴት ማስተካከል ይቻላል?

አዳማ ውስጥ ሙዚቃ በሰላም ለማዳመጥ ወይም ቪዲዮ ለማቀናበር የሚፈልግ ሰው ሁለት ነገር ይታገለዋል፤ አንዱ የባጃጅ ጩኸት፣ ሌላው ሙቀቱ። ጩኸቱን ለመሸሽ ጀርባው የተደፈነና ጆሮን ዙሪያውን የሚከድን ሄድፎን ይገዛል። ያው ሄድፎን በመጋቢትና በሚያዝያ ጆሮውን በላብ ያጠምቀዋል፣ አናቱን ይጨመድደዋል፣ ድምፁም እንደታፈነ ይሰማዋል። ብዙው ሰው ይህን ጊዜ ሌላ ሄድፎን ማሰስ ይጀምራል። ዕቃው ጤነኛ ከሆነ ግን አብዛኛው ችግር በመርፌና ክር፣ በጥቂት ስፖንጅና ጥጥ፣ ግፋ ቢል በአንድ ካቻቢቴ ይቃለላል።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ይያዙልኝ። በዝግ ሄድፎን ላይ ምቾትና ድምፅ የተለያዩ ጉዳዮች አይደሉም። ቤዝ በደንብ የሚሰማው በስፒከሩና በጆሮዎ መካከል ያለው ጠባብ ቦታ አየር ሳያሾልክ ሲቆይ ነው። ጆሮዎን የሚከበው ለስላሳ ትራስ ከመንጋጋ ወይም ከጆሮ ጀርባ ትንሽ እንኳ ከተነሣ ወፍራሙ ድምፅ ያመልጥና ሹሉ ብቻ ይቀራል። ከዚያ "ይሄ ሄድፎን ይጮኻል" ተብሎ ይፈረድበታል። ስለዚህ ሥራው ከውጭ ወደ ውስጥ ይሄዳል፤ ኩባያውን፣ ማለትም ስፒከሩ ያለበትን ክፍል፣ መክፈት የመጨረሻው ነገር ነው። ብዙ ጊዜም አያስፈልግም።

1. ሳይነኩ ይመርምሩ

ሄድፎኑን አድርገው የበገና መዝሙር ይክፈቱ። የበገና አሥር ጅማቶች እንዝራ በምትባለው ቁራጭ ቆዳ ምክንያት እየነዘሩ ስለሚጮኹ፣ ከሥር ወፍራም ድምፅ ከላይ ደግሞ ጥርት ያለ ንዝረት አላቸው። ለሄድፎን መፈተሻ ከዚህ የተሻለ ለማግኘት ይከብዳል። ንዝረቱ ጠፍቶ እምታው ብቻ ከቀረ ኩባያው ውስጥ ድምፅ እየታመቀ ነው። ንዝረቱ እየተሰማ ሥሩ ከሌለ አየር እየሾለከ ነው።

እያዳመጡ ሁለቱን ኩባያዎች በመዳፍዎ ቀስ አድርገው ወደ ጆሮ ይጫኑ። ቤዙ ወዲያው ከጨመረ ስፒከሩን አይውቀሱ፤ ጉድለቱ ከአቀማመጡ ወይም ከትራሱ ነው። የሹሉን ድምፅ ልክ ለማወቅ ደግሞ ማሲንቆ ጥሩ ነው፤ ቀስቱ ጭራውን ሲፍቅ ጆሮ የሚቧጥጥ ከሆነ ያስታውሱት፣ በኋላ እንመለስበታለን።

አየር የሚያሾልከው ብዙ ጊዜ ሄድፎኑ ሳይሆን በትራሱና በቆዳዎ መካከል የገባ ነገር ነው። የመነጽር ዘንግ፣ ወፍራም ሹሩባ፣ የተደራረበ ሻሽ ወይም ሂጃብ ሁሉም ክፍተት ይፈጥራሉ። ቤት ውስጥ ከሆኑ ሄድፎኑን ከሻሹ ሥር ማድረግ ለውጡን ወዲያው ያሳያል። መነጽር የሚያደርጉ ሰዎች ቀጭን ዘንግ ያለውን ቢመርጡ፣ ወይም በሚያዳምጡበት ጊዜ ዘንጉን ከጆሮ ትንሽ ከፍ ቢያደርጉት ይጠቅማቸዋል።

2. ጥብቀቱን ያላሉ፣ ግን አይብዛ

አዲስ ሄድፎን ማጥበቁ የተለመደ ነው፤ ሴንሃይዘር ኤችዲ 280 ፕሮ ለምሳሌ በዚህ ይታወቃል። ከራስዎ ስፋት ጥቂት በሚበልጥ ካርቶን ወይም የመጻሕፍት ክምር ላይ አጥልቀው ያሳድሩት። ጠዋት ያድርጉት፤ አሁንም ካጠበቀ ይድገሙት። ትራሱ ተጨፍልቆ ቢያገኙት አይደንግጡ፣ ስፖንጁ ቀስ በቀስ ይመለሳል።

በአናት ላይ በሚያልፈው ቅስት ውስጥ የብረት ዝርግ ካለ በሁለት እጅ ይዘው በጣም በጥቂቱ ቀና ማድረግም ይቻላል። የሚይዙት ቅስቱን ነው እንጂ ቁመቱ የሚስተካከልበትን መጋጠሚያ አይደለም፤ እሱ ቶሎ ይሰበራል። ቅስቱ ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ ከሆነ አያጣምሙት። "ፀሐይ ላይ ይለስልስ" የሚል ምክር የሰጠዎትንም አይስሙ።

ልክ እንዲይዙ የምለው ሲላላ ቤዙም አብሮ ስለሚሄድ ነው። የመዳፉን ፈተና እዚህ ላይ ይድገሙት።

3. ትራሱ፦ ዋናው ሥራ

አብዛኛው የሄድፎን ትራስ ከላይ ቆዳ መሳይ ሽፋን፣ ከሥር ስፖንጅ ነው። ሽፋኑ ፖሊዩሬቴን የሚባል ፕላስቲክ ሲሆን እርጥበትና ሙቀት ሲደጋገሙበት ውስጡ እየፈረሰ ይሄዳል። ጉንጭ ላይ የሚቀረው ጥቁር ቅርፊት እሱ ነው። ዕቃው ውድ ስለሆነ አይቀርለትም፤ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስቱዲዮና በሬዲዮ ጣቢያ የሚታየው ሶኒ ኤምዲአር 7506 ራሱ በትራሱ መላላጥ ይታማል። ላብ በበዛበት አገር ደግሞ ይህ ቶሎ ይመጣል። ስለዚህ ትራስን የሚያልቅ ዕቃ አድርገው ይቁጠሩት።

ምትክ ሲገዙ ሦስት ነገር በማስመሪያ ይለኩ፤ የውጭውን ስፋት፣ የመሐሉን ቀዳዳና ውፍረቱን። ውፍረት ለምቾት ብቻ አይደለም። ትራሱ በወፈረ ቁጥር ጆሮዎ ከስፒከሩ ይርቃል፤ ጆሮ ፕላስቲኩን መንካት ያቆማል፣ ነገር ግን የድምፁ ሚዛንም ይቀየራል። ወፍራም ትራስ ገዝቶ "ስፒከሩ ተበላሸ" የሚል ሰው አይጠፋም።

ከፋይ ትራስ ለአዳማ አየር ያማልላል፤ ቀዝቀዝ ይላል፣ ላብም አያንሸራትተውም። ግን አየር ያሳልፋል። ባየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ ከፋብሪካው ከከፋይ ጋር ነው የሚመጣው፣ ድምፁም በዚያው ተስተካክሏል። ቆዳ መሳይ ትራስ ይዞ የመጣን ሄድፎን ከፋይ ቢያለብሱት ግን ብዙውን ጊዜ ቤዙ ይቀንሳል። በእኔ ግምት ለእኛ ሙቀት የተሻለው መንገድ ቆዳ መሳዩን ሳይነኩ በላዩ ላይ ስስ የጥጥ ልብስ ማልበስ ነው፤ አየሩን የሚይዘው የሥሩ ቆዳ ነው፣ ላቡን የሚጠጣው ጨርቁ። ቤዙን በጥቂቱ ይነካዋል፣ ምቾቱ ግን ይበልጣል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ያረጀ የጥጥ ካናቴራ ይያዙና እፍ ይበሉበት፤ አየር በቀላሉ ካሳለፈ ድምፅም ያሳልፋል፣ መሐሉን መቅደድ አያስፈልግም። የትራሱን የውጭ ስፋት ለክተው፣ የውፍረቱን ሁለት እጥፍ ይጨምሩበት፣ ለእጥፋት ደግሞ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር አክለው በዚያ ስፋት ክብ ይቁረጡ። ዳሩን አጥፈው ይስፉ፣ በእጥፋቱ ውስጥ ቀጭን ላስቲክ ያስገቡ፣ ትራሱን ከኩባያው አውጥተው ያልብሱትና ይመልሱት። መርፌ የማይሆንልዎ ከሆነ ለሰፈር ልብስ ሰፊ የደቂቃ ሥራ ነው። ሁለት ጥንድ ያሠሩ፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይሠራል። ሽፋኑን ከላብ ስለሚጠብቀው የትራሱም ዕድሜ ይረዝማል።

ጨርቁን ለማልበስ ትራሱን እንዳወጡ አንድ ተጨማሪ ነገር ይሞክሩ። ከጆሮ ሥር፣ መንጋጋ የሚያልቅበት ቦታ፣ ብዙ ሰው ላይ ጎድጎድ ይላል፤ ትራሱም አየር የሚያሾልከው እዚያ ነው። ከፍራሽ ስፖንጅ ላይ እንደ ጣት ቀጭን ቁራጭ በምላጭ ቆርጠው በትራሱ ሥር፣ በኋላና በታች በኩል ይወትፉት። ትራሱ ዘንበል ብሎ ጎድጓዳውን ይሞላል፣ የጆሮዎ ጫፍም ከስፒከሩ ይርቃል። አልወደዱትም? ያውጡት።

4. አናት

አናትዎ ላይ አንድ ነጥብ ብቻ የሚያምዎ ከሆነ ቅስቱ ሰፋ ብሎ አላረፈም ማለት ነው። ስስ ስፖንጅ በጨርቅ ጠቅልለው በቅስቱ ግራና ቀኝ ያስሩ፤ መሐሉን ክፍት ይተዉት። ማስቲሽ አይቀቡ፣ በሙቀት ይለሰልስና ፀጉር ላይ ይመጣል።

5. ካልሆነ፣ ኩባያውን መክፈት

ሁሉም ከተሠራ በኋላ ድምፁ አሁንም ከጣሳ ውስጥ እንደሚወጣ ከሆነ ምክንያቱ ባዶው የፕላስቲክ ኩባያ ነው። ከስፒከሩ ጀርባ የሚወጣው ድምፅ ግድግዳውን እየመታ ይመለሳል። በብሉቱዝ የሚሠራ ከሆነ ግን እዚህ ላይ ይቁሙ። ውስጡ ሊቲየም ባትሪ አለ፣ የውጭ ጩኸት የሚያጠፋው ዓይነት ከሆነም ድምፁ ውስጡ ካሉት ማይክሮፎኖች ጋር ታስቦ የተስተካከለ ነው።

በገመድ ለሚሠራው፦ ትራሱን አውጡና ብሎኖቹን ይፈልጉ። በመጀመሪያ በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ የትኛው ቀለም ሽቦ የት እንደተበየደ በጭንቅላት አይያዝም። ካቻቢቴውን ከስፒከሩ ፊት ያርቁ። ማግኔቱ ብረቱን ከእጅዎ ነጥቆ ስስ የሆነውን ሽፋን ሊበሳው ይችላል፣ ያ ደግሞ አይጠገንም። በዚሁ ምክንያት ብረት በሚፈጭበት ወይም በሚበየድበት ቦታ አይክፈቱ፤ ብናኙ ተለጥፎ ይቀራል።

ጥጥ በደንብ ያባዝቱና ከስፒከሩ ጀርባ፣ ኩባያው ውስጥ፣ በሁለት ጣት የሚነሣ ያህል ብቻ ያስገቡ። አይጠቅጥቁት፤ ሲበዛ ድምፁ ሕይወት ያጣል። የግራና የቀኙ መጠን እኩል ይሁን። ከስፒከሩ ጀርባ ትንሽ ቀዳዳ በወረቀት መሳይ ነገር ተሸፍኖ ያያሉ፤ እሱ መተንፈሻው ነውና አይድፈኑት። ኩባያው ራሱ ላይ ሌላ ቀዳዳ ካለ ለቤዝ ማስተካከያ የተተወ ሊሆን ይችላል። ግማሹን በናስትሮ ሸፍነው ይስሙ፣ ካልተስማማዎ ይላጡት። ልጆች ቅርፅ የሚሠሩበትን ፕላስቲሲን ግድግዳው ላይ የሚለጥፉም አሉ። እኔ ለዚህ አየር አልመክርም፣ በሙቀት ዘይቱን ይተፋል።

ሽቦ ከተነቀለ ለሞባይል ጠጋኝ ይስጡት፤ ከፎቶው ጋር። በአንድ በኩል ሁለቱ ሽቦዎች ከተገለበጡ ሄድፎኑ ይጮኻል፣ ግን ቤዙ ይከሳል፣ መሐል ላይ መሰማት ያለበት የዘፋኙ ድምፅም ይበታተናል። ከጥገና በኋላ "ምኑ እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ ልክ አይደለም" ካሉ መጀመሪያ ይህን ይጠርጥሩ።

ያ የማሲንቆ መቧጠጥ አሁንም ካለ ከሶፍት አንዱን ስስ ድርብ ገንጥለው በስፒከሩና በትራሱ መካከል ያድርጉ። የሚያስቅ ቢመስልም የተከበረ ዘዴ ነው፤ በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣውን ያማሃ ኤንኤስ 10 የተባለ ስፒከር የሚጠቀሙ የስቱዲዮ ባለሙያዎች ሹሉን ድምፅ ለማለዘብ ስፒከሩ ላይ ሶፍት ይለጥፉ ነበር።

6. የቀረውን ለኢኳላይዘር ይተዉት

ኢኳላይዘርን፣ ማለትም ወፍራሙንና ሹሉን ድምፅ ለየብቻ የሚያስተካክለውን መተግበሪያ፣ መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት አየር የሚያሾልክ ትራስን ስለማይጠግን ነው። በአንድሮይድ ስልክ ዌቭሌት፣ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ኢኳላይዘር ኤፒኦ በነፃ ይገኛሉ። ዝግ ሄድፎን ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 250 ኸርዝ ባለው ወፍራም ድምፅ አካባቢ ያብጣል፤ 2 ወይም 3 ዴሲቤል ይቀንሱና በገናውን መልሰው ይክፈቱ። ከመጨመር መቀነስ ይሻላል። መጨመር ግድ ከሆነ አጠቃላዩን ድምፅ በዚያው ልክ ዝቅ ያድርጉ፣ አለዚያ ይሰነጠቃል። ሁሉንም ከፍተው ድምፁ የሚያንስዎ ከሆነ ደግሞ ሄድፎኑ የመጣበትን ሳጥን ይዩት፤ 250 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) የሚል ሄድፎን ከስልክ ጋር ብዙም አይግባባም።

ትራሱ በደንብ ሲገጥም የውጭው ጩኸት ስለሚቀንስ ድምፁን ዝቅ አድርገው መስማት ይችላሉ፤ ይህን ጥቅም ይውሰዱት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚያስቀምጠው ልክ 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። መንገድ ሲያቋርጡ ግን ጭራሽ ያውልቁት፤ ባጃጁ እርስዎን አይጠብቅም።

አቧራውን በተመለከተ፣ አዳማ ዙሪያ ባሉት ኮረብቶች ላይ 51 እና 153 ሜጋዋት የሚያመነጩ የነፋስ ተርባይኖች የተተከሉት በከንቱ አይደለም። ያ ነፋስ የሚያመጣው ብናኝ በትራሱ መሐል ይገባል፣ ስለዚህ ሄድፎኑን ጠረጴዛ ላይ አፉን ወደ ላይ አድርገው አይተዉት፤ በጨርቅ ከረጢት ያኑሩት። ሲጨርሱ ትራሱን በረጠበ ጨርቅ ጠርገው በጥላ ያድርቁት። አልኮል ቆዳ መሳዩን ያደርቀዋል፣ በተዘጋ መኪና ውስጥ ማዋልም እንዲሁ።