ንጹሕ አድራሻ ላለው ድረ ገጽ ፍሬምወርክ አመራረጥ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ጎብኚዎችን ለሚያመላልሱ ጀልባዎች ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው፣ ፍሬምወርክ (ድረ ገጽ የሚገነባበትን ዝግጁ የኮድ ማዕቀፍ) ከመምረጡ በፊት የሚፈልጋቸውን አድራሻዎች በወረቀት ላይ ይጻፍ፤ «ገዳማት/ኡራ-ኪዳነ-ምሕረት» የሚለው አድራሻ ገጹ ሳይከፈት ይዘቱን ሲናገር፣ በጥያቄ ምልክትና በቁጥር የተሞላው ግን ለአንባቢ ምንም አይነግረውም።

ቀጥሎ የሚፈተሸው የፊደላችን አያያዝ ነው፤ በእኔ እምነት ዋናው መመዘኛም ይኸው ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበው ጃንጎ የተባለው የፓይተን ቋንቋ ፍሬምወርክ የአድራሻ ቅርጾችን ከገጾቹ ኮድ ለይቶ በግልጽ ስለሚያስቀምጥ አስቀድሜዋለሁ፤ ይሁን እንጂ ርእስን ወደ አድራሻ የሚለውጠው «ስላጊፋይ» (slugify) የተባለው የጃንጎ መሣሪያ ዩኒኮድን (የዓለም ቋንቋዎችን ፊደላት ለኮምፒውተር የሚወክለውን ሥርዓት) እንዲቀበል ካልታዘዘ የአማርኛውን ርእስ ጨርሶ ያጠፋዋል። በተጨማሪም አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ዩኒኮድ ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት ዘዴ) 3 ባይት ስለሚይዝ፣ አድራሻው ተገልብጦ ሲላክም እያንዳንዱ ባይት በ3 ምልክት ሊጻፍ ስለሚችል፣ እያንዳንዱ ፊደል ወደ 9 ምልክት ሊረዝም ይችላል፤ በስልክ ለሚላላኩ ደንበኞች በላቲን ፊደል የተጻፈ አጭር አድራሻ ይመረጣል። ፒኤችፒ የተባለውን የኮድ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው የዚያን ቋንቋ ፍሬምወርክ ላራቬልን በዚሁ መንገድ ይፈትን።