እምነትን በሥራ ስንኖር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

እሑድ ጠዋት የሐዋሳ መንገዶች በምእመናን ይሞላሉ። ነጠላ የለበሰው ወደ ገብርኤል፣ መጽሐፍ ቅዱስ የያዘው ወደ መካነ ኢየሱስ፣ ወደ ቃለ ሕይወት፣ ወደ ሙሉ ወንጌል ይሄዳል። ደስ ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ ሰኞ ነው። የክርስትናችን አብዛኛው ክፍል የሚያልፈው በሥራ ቀን ነውና፣ እዚያ ላይ ደጋግመን የምንስታቸውን ነገሮች ላንሳ።

1. ሥራችንን «ዓለማዊ» ብሎ መናቅ

ብዙ ሰው መዘመርና መስበክ የእግዚአብሔር ሥራ፣ ልብስ መስፋትና ባጃጅ መንዳት ደግሞ የእንጀራ ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ቀራጮችና ጭፍሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ብለው ጠየቁት። ሥራችሁን ትታችሁ በረሃ ግቡ አላላቸውም። ቀራጮቹን ከታዘዘው በላይ አትቀበሉ አላቸው። ጭፍሮቹን ደግሞ በማንም ላይ ግፍ አትሥሩ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው። ንስሐቸው የሚታየው እዚያው ሥራቸው ላይ ነበር።

ጳውሎስም ድንኳን ይሰፋ ነበር። ጣቢታ ኢዮጴ ላይ ስትሞት መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት የሠራችላቸውን ልብስ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ቀኑን ሙሉ መስፊያ ማሽን ላይ የምትውል እህት ይህን ታሪክ (ሐዋርያት ሥራ 9) የራሷ አድርጋ ብታነበው እወዳለሁ።

2. ጥቅስ ለጥፎ ሚዛን ማጉደል

ሱቁ በር ላይ ጥቅስ አለ፣ ከውስጥ ሚዛኑ ይሰርቃል። ምሳሌ 11፥1 አባይ (ሐሰተኛ) ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ መሆኑን ይናገራል። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ላይ የትናንቱን ቆሮሶ ዓሣ «ዛሬ ጠዋት የወጣ ነው» ብሎ መሸጥም ያው ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለገብርኤል ክብረ በዓል ከየአገሩ ሰው ይመጣል። ከተማውን የማያውቅ እንግዳ ሲያገኙ የባጃጁን ሒሳብ እጥፍ መጥራት «ወቅቱ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ያ ሰው ስለቱን ይዞ የመጣ ወንድማችን ነው።

3. የድሃን ደመወዝ ማሳደር

ከሁሉም የሚከብደኝ ይሄኛው ነው። ዘዳግም 24፥15 የድሃ ሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ ይሰጠው ይላል፤ ምክንያቱንም ይነግረናል፣ ድሃ ነው፣ ነፍሱም ያንን ዋጋ ተስፋ ታደርጋለች። ያዕቆብ 5፥4 ደግሞ የተከለከለ ደመወዝ ይጮኻል፣ የሠራተኞቹም ጩኸት ወደ ጌታ ጆሮ ይደርሳል ይላል። የቀን ሠራተኛ ሳምንቱን ሙሉ ሲሚንቶ ተሸክሞ ቅዳሜ ማታ «ሰኞ ና» ሲባል እሑድን ምን በልቶ ይዋል? ኮንትራክተሩ ገንዘብ ካጠረው ሰው ከመቅጠሩ በፊት ያስብበት።

ቤታችን ውስጥም አለ። አሥራቱን በጊዜው የሚከፍል ሰው የቤት ሠራተኛዋን ደመወዝ «ምን ታደርግበታለች፣ እኔ ጋ ይቀመጥላት» ብሎ ወራት ያቆየዋል። እሷ ራሷ «አስቀምጡልኝ» ብላ ካልጠየቀች በቀር ገንዘቡ በእጇ መግባት አለበት። እሑድ ደግሞ ቤተሰቡ ለባብሶ ሲወጣ እሷ ወጥ ስትጠብቅ ትቀራለች። ወጡ ቅዳሜ ማታ ቢሠራ ምን አለበት? እሷም እንደኛው ማስቀደስ ወይም ማምለክ ትፈልጋለች።

4. ባለጉዳይን ማመላለስ

ከአለታ ወንዶ በሌሊት ተነስቶ የመጣ ገበሬ መስኮቱ ጋ ሲደርስ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለስ» ይባላል። አንዳንዴ ሲስተሙ በእርግጥም የለም። ሠራተኛው ለጸሎት ወጥቶ ከሆነ ግን ችግር አለ። ያ ሰዓት ለባለጉዳዩ የተከፈለበት ነው፤ ለጸሎቱ የምሳ ሰዓት አለ። ቆላስይስ 3፥23 የምታደርጉትን ሁሉ ለጌታ እንደምታደርጉ ከልባችሁ አድርጉት የሚለው መጀመሪያ ለባሮች ነው፣ ማንም አመስግኗቸው ለማያውቅ ሰዎች። ደመወዝ ያለን እኛማ እንዴት እናንስ?

5. ችግረኛውን ፎቶ ማንሳት

በበዓል ዘይትና ዱቄት ሲታደል የተቀባዩ ፊት ቲክቶክ ላይ መውጣቱ ይቅር። ማቴዎስ 6፥2-4 ግልጽ ነው፤ ምጽዋት በስውር ይሁን ይላል።

6. ለራስ ወገን ብቻ መልካም መሆን

ሐዋሳ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ካቶሊኩም ሙስሊሙም የሚኖርባት፣ ሲዳማውም ወላይታውም ሌላውም ጎረቤት የሆነባት ከተማ ናት። ነርሷ ለሕመምተኛው ፈገግ ከማለቷ በፊት ማተብ ካየች፣ ወይም ስሙን ሰምታ ከየት እንደሆነ ከገመተች፣ አገልግሎቱ እዚያው ተበላሽቷል። ሐኪም ቤት ውስጥ ተራ ይጠበቅ፤ የአጥቢያ ሰው ነው ተብሎ ማንም ከፊት አይግባ።