አንድ ስልክ፣ ስልሳ ተማሪ፦ ቴክኖሎጂን ክላስ ውስጥ ሳንጃጃል ለመጠቀም

ሰሞኑን የየስታፍ ሩሙ ወሬ አንድ ነው፣ ስማርት ክላስ፣ ታብሌት፣ ኤአይ ምናምን። እዚ ሀዋሳም እንደዛው። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ አብዛኞቻችን ያለን አንድ የግል ስልክ፣ በተራ ምንዋሰው ፕሮጀክተር (ያውም ኬብሉ ከተገኘ) እና ስልሳ ምናምን ተማሪ ነው። ስለዚ ሚቀጥለው ሁሉ ባለን ነገር ስለሚሰራ ነው።

ፕላዝማን ታስታውሱታላችሁ አይደል? ከ1997 ጀምሮ ሃይስኩል የገባው። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ እንግሊዝኛው ይሮጣል፣ ስክሪኑ ላይ ያለችው ቲቸር ጥያቄ ትጠይቅና ትንሽ ሰከንድ ጠብቃ ማንም ትንፍሽ ሳይል "ዌል ደን!" ትላለች፣ ክላሱ ይስቃል፣ መምህሩም ግድግዳ ተደግፎ ይስቃል። ስዕሉ ቆንጆ ነበር፣ ኤክስፐርመንቱም ቆንጆ ነበር፣ ግን አይቆምም። መምህሩ "ቆይ እስኪ፣ እቺ ነገር ገብታችኋለች?" ሚልበት ክፍተት የለውም ነበር። ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ፖዝ ይደረጋል፣ እኔ በበኩሌ ከሌላው ሁሉ ፊቸር ይሄን ነው ምወድለት። ተማሪው ሳይገምት፣ ሳይጽፍ፣ ሳይከራከር ስክሪኑ መልሱን ከነገረው ፕላዝማ በትንሽ ስክሪን ሆነ ማለት ነው።

አንድ ነገር ዘርዘር አድርጌ ላሳያችሁ። "ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ክላሱ በአንድ ድምጽ "መቶ!" ይላል። እሺ። ቀደም ብላችሁ ማታ ቤት ድስት ጣዱ፣ ከላብ ቴርሞሜትር ተዋሱ (መቶ አስር ድረስ ሚቆጥረውን፣ የሀኪም ቤቱ አይሆንም ይሰበራል)፣ ጫፉ የድስቱን ቂጥ እንዳይነካ በክር አንጠልጥሉት ምክንያቱም ታች ያለው ከውሃው በላይ ይሞቃል። ስልኩን ከጎን አቁሙት እንጂ ከላይ አትያዙት፣ እንፋሎቱ ካሜራውን ያጨልመዋል። ከ80 ዲግሪ ጀምራችሁ ቁጥሩ ጎልቶ እንዲታይ ቅረጹና ሁለት ደቂቃ ሚሆነውን አስቀርታችሁ ሌላውን ቁረጡት። ክላስ ስትገቡ አጫውቱትና 90 ላይ ስትደርሱ ፖዝ። "የት ነው ሚቆመው? ደብተራችሁ ላይ ጻፉ፣ ከጻፋችሁ በኋላ ማጥፋት የለም።" ሁሉም እስኪጽፍ አትልቀቁት። ከዛ ፕለይ። ውሃው እየተንፈቀፈቀ ቴርሞሜትሩ 94 አካባቢ ላይ ገትሮ ይቆማል።

መጀመሪያ ሚመጣው "ቲቸር ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል" ነው፣ በጣም ጥሩ፣ አትመልሱ፣ እንዴት እናረጋግጥ በሏቸው። ከዛ በኋላ ነው ሀዋሳ ከባህር ወለል በላይ 1700 ሜትር አካባቢ ላይ መሆኗ፣ አየሩ ሚጫነው ጫና መቀነሱ፣ መቶ ሚባለው በባህር ወለል ደረጃ መሆኑ ሚመጣው፣ ያኔ ተማሪው ራሱ ፈልጎ ነው ሚሰማው። አዲስ አበባስ? ጅቡቲስ? ድንች የት ቶሎ ይበስላል? እዚ ላይ አርባ ደቂቃዋ አለቀች።

ለምን እዛው ክላስ ውስጥ አላፈላውም ካላችሁ፣ ከኋላ ያለው ልጅ የቴርሞሜትሩን መስመር ማየት ስለማይችል ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። አስር ተማሪ ያለው ሰው ስልኩን ኪሱ ከቶ እዛው ያፍላ። መመዘኛዬ ይቺ ናት፦ ይሄን ነገር በጠመኔ ወይ በእጅ ማሳየት እችላለሁ? ከቻልኩ ፕሮጀክተር ልሸከም አልሄድም። ቦርድ ላይ ሚጻፍ ኖት ፓወርፖይንት አድርጎ ማንበብማ... በቃ ይቅርብን። ከሰዓት ፈረቃ ላይ ደግሞ የሀዋሳ ፀሀይ በመስኮት ገብታ ምስሉን ስለምትበላው መጋረጃ ከሌለ ፕሮጀክተሩን ለጠዋት አድርጉት።

ሁለተኛው ነገር ስልክ ማንሳት ማያስፈልገው ይመስላል ግን ስልኩ ነው ሚጨርሰው። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ወረቀት አራት ቦታ ያጥፍና በየሩቡ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ብሎ በወፍራሙ ይጻፍ። ጥያቄ ትጠይቃላችሁ፣ ለምሳሌ ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ጫፍ ላይ ሲደርስ አክስለሬሽኑ ስንት ነው፣ ኤ ዜሮ፣ ቢ 9.8 ወደ ታች፣ ሲ 9.8 ወደ ላይ፣ ዲ አይታወቅም። አንድ ደቂቃ ዝም ብለው ያስባሉ፣ "ሶስት" ስትሉ ሁሉም ወረቀቱን የመረጠው ፊደል ብቻ እንዲታይ አጥፎ ደረቱ ላይ ይይዛል (ጭንቅላት ላይ ከሆነ ከኋላ ያለው አይቶ ይቀይራል፣ ታውቋቸዋላችሁ)፣ እናንተ ከፊት አንድ ፎቶ ታነሳላችሁ። ስልሳ ወረቀት በአይን አይቆጠርም፣ ፎቶው ላይ ግን ረድፍ በረድፍ ይታያል። ትክክሉ ቢ ነው፣ ግን ብዙው ኤ ብሎ ነው ምታገኙት፣ ፍጥነቱ ዜሮ ስለሆነ አክስለሬሽኑም ዜሮ ይመስላቸዋል።

አሁን መልሱን አትናገሩ። የሃርቫርዱ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ኤሪክ ማዙር ከ1991 ጀምሮ (በፈረንጆቹ) ያስፋፋው ዘዴ ነው ይሄ፣ ፒር ኢንስትራክሽን ይባላል። ትክክል የመለሰው ከመቶ 30 በታች ከሆነ ነገሩ አልገባቸውም፣ እንደገና አስተምሩ። ከ70 በላይ ከሆነ ትንሽ አብራርቶ ማለፍ ነው። መሀል ላይ ከሆነ ነው ወርቁ ያለው፣ "አጠገባችሁ የተለየ መልስ የያዘውን ልጅ ፈልጉና አሳምኑት፣ ሁለት ደቂቃ" ትላላችሁ፣ ከዛ ድጋሚ ድምጽ፣ ድጋሚ ፎቶ። ክርክሩ በሲዳምኛ ይሁን በወላይትኛ ይሁን በአማርኛ አትከልክሉ፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው ብላችሁ በዛች ሰአት ካፈናችኋቸው ዝም ነው ሚሉት፣ መልሱን በኋላ በእንግሊዝኛ ሚናገር አንድ ልጅ ታስነሳላችሁ። አንድ ለአምስት ሚባለው አደረጃጀት ብዙ ቦታ ስሙ ብቻ ነው የቀረው፣ እዚ ላይ ግን ነፍስ ይዘራል። ፕሊከርስ ሚባል ካርዱን በካሜራ ሚያነብ አፕም አለ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ፎቶው ዳታ አይበላም። ብቻ የልጆቹ ፊት ስላለበት ቆጥራችሁ ስትጨርሱ አጥፉት፣ ፌስቡክ ላይ "የዛሬ ክላሴ" ብሎ መለጠፍ የለም።

የፊዚክስ መምህራን ፊፎክስ ሚባለውን አፕ ካላወረዳችሁ ዛሬውኑ አውርዱ። ጀርመን ያለው አኽን ዩኒቨርሲቲ በ2016 (አሁንም በፈረንጆቹ፣ ከዚህ በኋላ ያሉትም እንደዛው) ያወጣው ነው፣ ነጻ ነው፣ አንዴ ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔት ይሰራል፣ ስልኩ ውስጥ ያሉትን ሴንሰሮች ወደ ላብ እቃ ይቀይራቸዋል። እኔ በጣም ምወደው በድምጽ ሚነሳና ሚቆም ስቶፕዎች አለው፣ በሱ የድምጽን ፍጥነት መለካት ይቻላል። ሜዳ ውጡ፣ ሁለት ስልክ (የናንተና የሌላ መምህር) በ10 ሜትር አራርቃችሁ አስቀምጡ፣ ሁለቱም ላይ ስቶፕዎቹን ክፈቱ። አንደኛው ስልክ ጋ ያለ ተማሪ አንዴ ያጨበጭባል፣ ሁለቱም መቁጠር ይጀምራሉ፣ ሩቅ ያለው ድምጹ እስኪደርሰው ትንሽ ዘግይቶ። ቀጥሎ ሁለተኛው ጋ ያለው ያጨበጭባል፣ እዛ ያለው ወዲያው ይቆማል፣ የመጀመሪያው ዘግይቶ ይቆማል። አንዱ 2.358 ሌላው 2.300 ሰከንድ ቢያሳይ ልዩነቱ 0.058 ነው፣ ድምጹ በዚች ጊዜ የተጓዘው ደርሶ መልስ 20 ሜትር ነው፣ 20ን ለ0.058 ስታካፍሉት 345 ሜትር በሰከንድ አካባቢ ይመጣል። መጽሀፉ ላይ ካለው ጋር ሲቀራረብ የልጆቹን ፊት ማየት ነው። ዋናው ችግር ጫጫታ ነው፣ ባጃጅ ጥሩምባ ከነፋ ስልኩ እንደ ጭብጨባ ቆጥሮት ያርፋል፣ ስለዚ ማስነሻውን የድምጽ መጠን ከፍ አድርጉት፣ ሌላው ተማሪ ደግሞ ራቅ ብሎ ይቁም። አምስት ስድስት ጊዜ ለኩና አማካይ ውሰዱ፣ አንዱ ልኬት 300 ሌላው 400 ቢመጣ አትደንግጡ፣ ስለ ኤረር ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ሰበብ የለም።

ለሰርኪት ደግሞ ፌት አለ፣ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን በ2002 ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው የሲሙሌሽን ስብስብ። ዳታ ያለበት ቦታ ሆናችሁ ሲሙሌሽኑን አውርዱት፣ ከዛ በብራውዘር ኦፍላይን ይከፈታል። አጠቃቀሙ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ማውሱን ለተማሪ ስጡት ግን የያዘው ልጅ መወሰን አይችልም፣ ክላሱ ያዘዋል። ሶስተኛ አምፖል ስንጨምር የመጀመሪያው ይደምቃል ይደክማል፣ መጀመሪያ እጅ ይወጣል ከዛ ነው ሚነካው።

የባዮሎጂ ሰዎች ቅር እንዳይላችሁ፣ ሀይቁ አጠገባችሁ እያለ ምን ፉድ ቼይን ከመጽሀፍ ታስገለብጣላችሁ? ሀይቁ ዳር ያለው የዓሳ ገበያ አሞራ ገደል ሂዱና አልጌው፣ ቆሮሶው፣ አምባዛው፣ የዓሳ ትርፍራፊ ሚጠብቀው ትልቁ ወፍ አባ ኮዳ፣ ሁሉንም ፎቶ አንሱ፣ ፎቶዎቹን ዘበራርቃችሁ አሳዩና ቀስቱን እነሱ ይሳሉት።

ቴሌግራም ላይ እናውራ። ብዙ መምህር ግሩፕ ከፍቶ ፒዲኤፍ ይደፋበታል፣ ያ መጋዘን ነው። ከመጋዘኑ ይልቅ ሚጠቅመው ኩይዙ ነው። ከ2020 ጀምሮ ፖሉን ኩይዝ ማድረግ ይቻላል፣ ትክክለኛውን መልስ ትመርጣላችሁ፣ ከስሩ አጭር ማብራሪያ ትጽፋላችሁ። ማታ ሶስት ጥያቄ ብቻ፣ ግን ዛሬ ከተማሩት ሳይሆን ካለፈው ሳምንት። ለምን ካለፈው ሳምንት? ሮዲገርና ካርፒኪ ሚባሉ ሁለት የስነልቦና ተመራማሪዎች በ2006 ያወጡት ጥናት አለ፣ ተማሪዎቹ ሁለት ጽሁፍ አነበቡ፣ አንዱን ደግመው አነበቡት፣ ከሌላው ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት ጽሁፍ በልጦ 81 በ75 ነበር፣ ከሳምንት በኋላ ግን ደግመው ካነበቡት 42 ከመቶ ሲያስታውሱ ሳያዩ ከጻፉት 56 ከመቶ አስታወሱ። እንግዲህ "ቲቸር ሳጠናው ገብቶኝ ነበር ፈተና ላይ ጠፋኝ" ሚለው ልጅ እየዋሸ አይደለም።

ስልክ የሌለው ተማሪ አለ፣ ስልኩ የአባቱ የሆነ አለ፣ ስለዚ እነዛን ሶስት ጥያቄዎች ጠዋት ቦርዱ ጥግ ላይ ጻፏቸው፣ በቴሌግራም ለመለሰ ማርክ መስጠት የሚባል ነገር አይታሰብ። መጽሀፍ ስትልኩም ሙሉውን ከባድ ፋይል ሳይሆን ምእራፏን ብቻ ቆርጣችሁ ላኩ። ማብራሪያ ከሆነ ከቪዲዮ ይልቅ የአንድ ደቂቃ ቮይስ፣ ዳታው በጣም ይቀንሳል። ሌላ ደግሞ ሰው ማያወራው ነገር፣ ግሩፕ ውስጥ አባላቱ እርስ በርስ ስለሚተያዩ ሴት ተማሪዎች ከማያውቁት ሰው ሜሴጅ ይጎርፍላቸዋል። ቻናል ክፈቱ፣ ቻናል ላይ ተከታዮቹ አይተያዩም፣ ሴቲንግ ገብተው ስልክ ቁጥራቸውን ማንም እንዳያይ ማድረግንም አሳዩዋቸው፣ አስር ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ ኤአይ፦ ቻት ጂፒቲ ከመጣ ጀምሮ አሳይንመንቱ ሁሉ አንድ አይነት ድምጽ አለው፣ እናውቀዋለን። መከልከል አልችልም፣ ስለዚ አሳይንመንቱን ነው የቀየርኩት። "ስለ ግጭት ኃይል ጻፉ" ከማለት "ከቤታችሁ እስከ ትምህርት ቤት ባለው መንገድ ባጃጅ ሚንሸራተትበትን ቦታ ፈልጋችሁ ለምን እንደሆነ አስረዱ" ስትሉት ሰፈሩን ማያውቅ ማሽን ብዙም አይረዳውም፣ ሲያስረክብ ደግሞ ቆሞ አንድ ጥያቄ ይመልስ። ለራሳችሁ ግን ተጠቀሙበት፣ በተለይ የምርጫ ጥያቄ ላይ ተማሪ ሊሳሳትባቸው ሚችሉ የተሳሳቱ መልሶችን ለማውጣት ጎበዝ ነው። ስሌቱን ግን ራሳችሁ ሰርታችሁ ካልሆነ ክላስ ይዛችሁ አትግቡ፣ በሙሉ ልብ ነው ሚሳሳተው።

መብራት መጥፋቱ አይቀርም፣ ስለዚ ቪዲዮው ስልካችሁ ላይም ፍላሽ ላይም ይኑር፣ ስልኩ ማታ ቻርጅ ይደረግ፣ ፕሮጀክተሩ ከጠፋ ስልኩን ይዞ በየረድፉ እየዞሩ ማሳየት ይቻላል፣ ሚገመተው ነገር ቦርድ ላይ ከተጻፈ ፔሬዱ አይባክንም። ሌሰን ፕላኑ ላይ የመርጃ መሳሪያ ሚለው ቦታም ሁለቱንም ጻፉ፣ ሱፐርቫይዘር በመጣበት ቀን ነው መብራቱ ሚሄደው።

በነገራችን ላይ የሚፈላ ውሃ ቪዲዮ ከአዲስ አበባና ከጅቡቲ ወይ ከአፋር ቆላ እፈልጋለሁ፣ ሶስቱን ጎን ለጎን አድርጌ 90 ላይ ፖዝ ላደርጋቸው ነው። እዛ ያላችሁ መምህራን ከቀረጻችሁ ላኩልኝ፣ ቴርሞሜትሩ ቂጡን እንዳይነካ ብቻ።